የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ የሚሸናው ልጅ

አንድ አባት የላከልኝ ጥያቄ በትንሹ አጥሮ እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ተከራይቼ። የአይሱዙ ሹፌር ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን፣ ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 3። ወንዱ አልጋ ላይ መሽናት የተወው 4 ዓመት ሲሞላው ነበር። ከጥቅምት ወዲህ መልሶ ጀመረው። ሌሊት ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ባለፈው ማታ በሩን ስከፍት የቁልፉን ድምፅ ሰምቶ ቆሞ ሱሪው ላይ ለቀቀው። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ይፈዛል፣ ስሙ ሲጠራ ይበረግጋል ትላለች። እህቱንም መምታት ጀምሯል። እናቱ ጸበል ወሰደችው፣ ለውጥ የለም። እኔም ገርፌዋለሁ፣ ባሰበት። እውነቱን ለመናገር እኔና ባለቤቴ እንጣላለን። ኑሮው ነው፣ ሲደክመኝ እጄ ይቀድማል። ሦስት አራት ጊዜ መትቻታለሁ፣ አንዴ አንገቷን ይዤ ከግድግዳ ጋር አጋጭቻታለሁ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል። ግን ልጆቹን ነክቼ አላውቅም፣ የምንጣላውም ተኝተው ነው፣ ትንሿ ደግሞ ገና ምንም አይገባትም። እኔም አባቴ እናቴን ሲመታ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ምንም አልሆንኩም። ልጁን ምን ላድርገው? መድኃኒት አለው?»

ከሽንቱ ልጀምር፣ አንተን ያስጨነቀህ እሱ ስለሆነ። አልጋ ማርጠብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ልጅ ከመጀመሪያውም ደርቆ አድሮ አያውቅም። ያ ብዙውን ጊዜ የዕድገት ጉዳይ ነው፣ በዘርም ይሄዳል፣ ከጊዜ ጋር ይተወዋል። ያንተ ልጅ ግን ዓመታት ደርቆ ካደረ በኋላ ነው መልሶ የጀመረው። ቢያንስ 6 ወር ደርቆ የቆየ ልጅ እንደገና ሲጀምር እኛ ባለሙያዎች የምንጠይቀው «ምን ተለወጠ?» ብለን ነው። ከዚያ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ውሰደውና ሽንቱ ይመርመር። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ስኳር ይህንኑ ሊያመጡ ይችላሉ። በተለይ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና እየከሳ የሚሄድ ከሆነ ለነገ አትበል፣ የልጅ ስኳር ቀልድ አያውቅም። እንግዲህ ይህን የምልህ መዝለል ስለሌለብን ነው። ቁልፍ ሲንቃጨል የሚሸና ልጅ ችግሩ ፊኛው ላይ እንዳልሆነ አንተም ጠርጥረሃል፣ ባትጠረጥር ኖሮ ስለ ፀባችሁ አትጽፍልኝም ነበር። (እሳት የነካካ ልጅ ሌሊት ይሸናል ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። እሳትም አይደለም።)

«ገርፌዋለሁ፣ ባሰበት» ብለሃል። ይብስበታላ! ተኝቶ የሚሸና ልጅ አውቆ የሚያደርገው ነገር የለም። ፈርቶ የሚሸናን ልጅ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ስትጨምርለት ምን እንዲሆንልህ ነበር? ሌላውን ሁሉ ባታነብ እንኳ ይህቺን ያዝ፤ ለሽንቱ ከእንግዲህ ዱላ የለም፣ ቁጣ የለም፣ እንግዳ ፊት ማሾፍም የለም። ደግሞ ልብ ብለህ ከሆነ «ልጆቹን ነክቼ አላውቅም» ያልከው «ገርፌዋለሁ» ካልክ ከጥቂት መስመር በኋላ ነው። ልይዝህ ብዬ አይደለም። ብዙ አባት እንዲህ ነው የሚያስበው፣ ልጅ መግረፍ ሌላ፣ ሚስት መምታት ሌላ። በልጁ ዓይን ግን ያው አንድ እጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «የምንጣላው ተኝተው ነው።» ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ! እኔም ኮንዶሚኒየም ኖሬያለሁ። ከላይ ያለው ሰው ወንበር ሲጎትት ይሰማል፣ የጎረቤት ስልክ ሲጠራ ያንተ መስሎህ ትነሳለህ። ልጅህ የሚተኛው ሳሎን ይመስለኛል፣ ከእናንተ የሚለየው አንድ በር ነው። ያ ልጅ አልተኛም። ዓይኑን ጨፍኖ ነው። እኔ ጋ ከሚመጡ ቤተሰቦች ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርህም። ወላጅ «ተኝተው ነበር» ይላል፣ ልጁ ግን ብቻውን ሲቀር ስድቡን ቃል በቃል፣ የትኛው ብርጭቆ እንደተሰበረ፣ እናቱ ስንቴ «ተው» እንዳለች ይነግረኛል። አንዷ ትንሽ ልጅ ድምፅ እንዳይወጣት ብርድ ልብሱን እንዴት ነክሳ እንደምትይዝ አሳይታኛለች፣ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ። እናትየዋ ያን ቀን ነው የሰማችው።

እሺ፣ የምር ቢተኛስ? የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸውን 20 ሕፃናት እንቅልፍ ላይ እያሉ የሰው ድምፅ አሰሟቸው፣ የተቆጣ፣ የተደሰተ፣ ተራ ድምፅ፣ አንጎላቸውን በኤምአርአይ እያዩ። የተኛው ሕፃን አንጎል ቁጣውን ለየው። ወላጆቹ ብዙ በሚጣሉበት ቤት ያለ ሕፃን ላይ ደግሞ ከጭንቀት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ለቁጣው ድምፅ ጠንከር ያለ ምላሽ ሰጠ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ በ20 ልጅ ዓለም አይፈረድም። ግን አንድ ዓመት ያልሞላው የተኛ ሕፃን ቁጣን ከለየ፣ የ3 ዓመቷ ልጅህ «ምንም አይገባትም» የሚለውን ነገር ተወው። የሚጎድላት ቃል ነው። ስለዚህ በሌላ ትናገራለች። እናቷ ሽንት ቤት ስትገባ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፣ ታወራ የነበረውን ትቀንሳለች፣ ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች። አይተህ ከሆነ ይህ ነው።

የቁልፉ ነገር ደግሞ ልጅህ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ከሁሉም በላይ ያሳየኛል። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ የሚያሰማው ደወል አለው። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። ጅብ ሲመጣ ይህ ጥሩ ነው፣ ጅቡም ይሄዳል፣ ደወሉም ዝም ይላል። ለልጅህ ግን አደጋው ያለው ቤት ውስጥ ነው፣ መቼ እንደሚመጣም አያውቅም። ስለዚህ ምልክት መሰብሰብ ጀመረ። ደረጃው ላይ አረማመድህ ዛሬ ፈጠን ያለ ነው ወይስ ከበድ ያለ? ቁልፉ አንዴ ገባ ወይስ ሁለት ሦስቴ ተንቃጨለ? ሰላም ስትል ድምፅህ እንዴት ነው? የ8 ዓመት ልጅ በየማታው ይህን ሁሉ ያሰላል፣ ሒሳብ ላይ ግን ይፈዛል ትለኛለህ። ሌሊቱን ዘብ ያደረ ሰው ቀን ምን ጉልበት ይቀረዋል? ስሙ ሲጠራ የሚበረግገውም ለዚህ ነው፣ ደወሉ ትምህርት ቤትም አብሮት ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እንዲህ ያለ ልጅ ከውጭ ሲያዩት ትኩረት የማጣት ችግር ያለበት ይመስላል። አንድ ልጅ ሌላ ቦታ ኪኒን ተጀምሮለት እኔ ጋ መጥቷል፣ እስከዚያ ድረስ ግን ስለ ቤታቸው የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ማንም ባለሙያ ለልጅህ የሕመም ስም ከማውጣቱ በፊት ለኔ የጻፍከውን ሁሉ ንገረው። ካፈርክ ወረቀቱን ስጠው።

እህቱን መምታቱ ብዙ ትንታኔ አይፈልግም። ሰው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ፣ ትልቁ ትንሹን ምን ማድረግ እንደሚችል አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን በዚያው ጥናት ያለ ሌላ ቁጥር ነው። ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባበት ምክንያት አለ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 63 በመቶ ናቸው። ከወንዶቹ በእጥፍ በላይ! እነዚህ ሴቶች ይህን ከየት አመጡት? አንድ ጊዜ እነሱም በር ጀርባ ሆነው የሚሰሙ ልጆች ነበሩ። ያንተዋም የ3 ዓመቷ ልጅ አሁን እየሰማች ነው።

«ኑሮው ነው፣ ሲደክመኝ እጄ ይቀድማል» ለሚለው አጭር ጥያቄ አለኝ። ሹፌር ነህ። ትራፊክ ፖሊስ አቁሞ ያለ ጥፋትህ ሲቀጣህ እጅህ ይቀድማል? ደላላው ሒሳብ ሲያጎድልብህስ? ባለ ንብረቱ ሲሰድብህ? አይቀድምም። ያኔ እጅህ በደንብ ይታዘዝሃል። ዋጋ የሚያስከፍልህ ቦታ ላይ ትቆጣጠረዋለህ፣ ዋጋ የሚያስከፍል በማይመስልህ ቦታ ትለቀዋለህ። ኑሮው ከብዷል፣ ይህን አልክድም፣ ድካምና ገንዘብ ማጣት ፀብ ያበዛሉ። ፀብ ግን ዱላ አይደለም። ስለ መጠጥ አልጻፍክም፣ ካለም መልሴ ያው ነው፤ መጠጥ ያባብሳል፣ እጅን ግን እሱ አያነሳም።

«አባቴ እናቴን ሲመታ ነው ያደግኩት፣ ምንም አልሆንኩም።» ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ምንም ካልሆንክ እንዴት እዚህ ደረስክ ብዬ ልጠይቅህ ነበር፣ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። የት ትደበቅ ነበር? አልጋ ስር? ደጅ? ጎረቤት? አባትህ ሲገባ በምን ነበር የምታውቀው፣ በሳል ነው፣ በከዘራው ነው፣ በውሻው ጩኸት? በደንብ ታስታውሰዋለህ፣ እርግጠኛ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ድምፁ አይጠፋም። ልጅህ ዛሬ አንተ በዚያን ጊዜ የነበርክበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ የተለወጠው አንተ በሩን የምትከፍተው ሰው መሆንህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ጎልማሶችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቆ ነበር፣ ከጥያቄዎቹም አንዱ እናታቸው ስትመታ አይተው እንደሆነ ነው። እንዲህ ያሉ ነገሮች በሰው ላይ በተደራረቡ ቁጥር በኋላ ዕድሜው ለድብርት፣ ለመጠጥ ሱስ፣ ለልብ ሕመም ሳይቀር የመጋለጥ ዕድሉ እየጨመረ ሄዷል።

ይህ ማለት ግን የልጅህ ዕጣ ተጽፎ አልቋል ማለት አይደለም። «ሲመታ ያየ መቺ ይሆናል» የሚባለውም ስህተት ነው። ዕድሉ ከፍ ይላል፣ አብዛኞቹ ግን አይሆኑም። ኤሚ ዎርነር የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር በሃዋይ በካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትላለች። በድህነትና በቤተሰብ ቀውስ መሃል ካደጉት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ደህና ሰው ሆኖ አድጓል። እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር ነበር፤ ሁሌም የማይለወጥ፣ የሚወዳቸው አንድ ትልቅ ሰው ነበራቸው። አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ። ለልጅህ ያ ሰው አሁን እናቱ ናት። እሷን ስትመታ የልጅህን ምርኩዝ ነው የምትሰብረው። ልጁን ለማዳን ከፈለግክ መጀመሪያ እናቱ ሳትፈራ ቤቷ መዋል ማደር አለባት። ሌላ አቋራጭ የለውም።

ስለ አንገቷ የጻፍከውን አልዘለልኩትም። በአንድ መስመር ነው ያለፍከው፣ ከደብዳቤህ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ ነው። አንገት ማነቅ እንደ ጥፊ አይቆጠርም። ምንም ቁስል ሳይታይ አየርና ደም ወደ ጭንቅላት ይቋረጣል፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላም ሊገድል ይችላል። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ባሏ ወይም ፍቅረኛዋ አንዴ አንቋት የሚያውቅ ሴት፣ በኋላ በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው ከ6 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አንተ ገዳይ አይደለሁም ትላለህ። ከገደሉት ብዙዎቹም አስቀድመው እንደዚያው ነበር የሚሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ የድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ራስ ምታት፣ ማዞር ካላት ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ ምን እንደሆነም በግልጽ ትናገር።

«ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል።» ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ለመሬት፣ ለደም፣ ለገንዘብ ፀብ ስንት ነገር ያቀናል። ለዚህ ነገር ግን እንደተለመደው ሲካሄድ ይከሽፋል። እስኪ እንዴት እንደሚሆን እንየው። ሦስት ሽማግሌ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። እሷ ቡና ታፈላለች፣ ያበጠ ፊቷን በነጠላ ሸፍና። «አንተም ተው፣ አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ» ይባላል። ጥፋቱ ለሁለት ይካፈላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ለልጆቻችሁ ስትሉ ይባላል፣ ይመረቃል። ልጁስ? ልጁ መኝታ ቤት ሆኖ ይሰማል። የሚማረው ነገር አለ፤ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አወቁ፣ ማንም ግን አላስቆመውም። ከዚያ በኋላ ለማንም አይናገርም። ዱላው እያለ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው ምክር እንዲያገኙ እኛ ባለሙያዎችም አንመክርም፣ ምክንያቱም እዚያ እውነቱን የተናገረች ሴት ማታ ቤት ስትገባ ትከፍላለች። ሽማግሌዎቹን ከፈለግካቸው ሌላ ሥራ ስጣቸው። ቀጥሎ የምነግርህን መፈጸምህን ይከታተሉ።

ምክሬ ይህ ነው። ለጊዜው ከቤቱ ውጣ። እሷ አይደለችም የምትወጣው፣ አንተ ነህ። ወንድምህ ጋ፣ ጓደኛህ ጋ፣ የጋራዥ ዘበኛ ክፍልም ቢሆን። ለሁለት ሌሊት አይደለም፣ ለወራት ነው፤ መቼ እንደምትመለስ፣ ጭራሽም መመለስህን፣ እሷ ናት የምትወስነው። የቤት ኪራዩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ አስቤዛውን ሳይቆራረጥ ክፈል፣ ገንዘቡን መያዣ አታድርገው። በዚህ ጊዜ አንተ ብቻህን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ጀምር። ሚስትህን ለማስተካከል አይደለም፣ ስለ እጅህ ለመነጋገር ነው። ሁሉም ወንድ ይለወጣል ብዬ አልዋሽህም። ለሚመቱ ወንዶች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች በሌላው ዓለምም ውጤታቸው የተደባለቀ ነው። ሲለወጡ ያየኋቸው «ግን እሷም…» ማለት ያቆሙት ናቸው። አንተም «ግን እሷም» ስትል ራስህን ከሰማህ ገና ነህ ማለት ነው። «ፈትቼ ጎጆዬን ላፍርስ ነው የምትዪኝ?» ልትለኝ ትችላለህ። ቤት አልፈርስ ብሎ ልጅ ሲፈርስ ብዙ አይቻለሁ።

ሕጉን በአጭሩ። የባልና የሚስት ነገር የሚባል የግል ጓዳ ሕጉ ላይ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም አብሮ የሚኖርን ሰው መምታት በስም ጠርቶ ወንጀል ነው ይላል፣ በማንም ሰው አካል ላይ ጉዳት እንዳደረሰ ሰው ያስጠይቃል። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም፣ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ግን ፍቺ ከተጠየቀ ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ማን ጋ ይሁኑ፣ ቀለቡስ የሚለውን ወዲያው እንዲያዝ ያደርጋል፤ ከሁለቱ አንዱ ቤቱን ይልቀቅ ሲባልም የልጆቹ ጥቅም መታየት አለበት። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፣ ዳር ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች የምንሳሳትበት ስለሆነ። ቱሉ ዲምቱ አቃቂ ቃሊቲ ነው፣ አዲስ አበባ። ጥቂት ወጣ ብላችሁ የምትኖሩ ግን ሸገር ከተማ ውስጥ ናችሁ፣ ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም የኦሮሚያ ነው፣ ኦሮሚያ ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የወንጀል ሕጉ አንድ ነው። የት እንደምትከሱ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ከጣቢያ ጣቢያ መመላለስ ብዙ ሴት ተስፋ ያስቆርጣል።

ለባለቤትህ የምለው አለኝ፣ ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፣ አንተም ስለምታነበው። ይህን ብቻ ልበል። እህቴ፣ ለልጆቼ ስል እችለዋለሁ ብለሽ ከሆነ፣ ልጆችሽ እየቻሉት አይደለም። መሄድም መቆየትም ያንቺ ውሳኔ ነው፣ ብትወስኚ ግን አስቀድመሽ አትናገሪ፣ የመለያየት ሰሞን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ አደገኛ ነው። የወረዳሽ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቢያንስ የሚያማክርሽ ሰው አለው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። ማረፊያ ቤቶችም አሉ፣ አድራሻቸው በአደባባይ የማይነገረው ለደኅንነት ሲባል ነው። እጅ ከተነሳ ፖሊስ 991 ነው። ጎረቤትም መደወል ይችላል፣ ግድግዳው ስስ ነው ብለናል።

ወደ ልጁ ልመለስ፣ ምክንያቱም ጥያቄህ እሱ ነበር። ልጅህ ያየውን ነገር ማንም ስላላወራው፣ በራሱ ጭንቅላት ምክንያት ፈልጎለታል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ምክንያት «በእኔ ነው» የሚል ነው። ሽንቴን ስለሸናሁ ነው የተጣሉት፣ ደብተሬን ስለጣልኩ ነው። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት ተቀምጠህ ንገረው። ረጅም አታድርገው። «እናትህን መታኋት። ሰምተሃል፣ አይተሃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንተም የእሷም አይደለም። ማስቆምም ያንተ ሥራ አይደለም። እንዳልደግመው ሌላ ቦታ ላድር ነው።» በቃ። ይቅር በለኝ አትበለው፣ የ8 ዓመት ልጅ ይቅር ማለትና አለማለት መምረጥ አይችልም። ማልቀስ ከመጣብህ ደጅ ውጣና አልቅስ፣ እሱ እንዲያባብልህ አታድርግ። ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ ብለህ አትጠይቀው። ስትደውል ማን መጣ፣ ማማ የት ሄደች ብለህ ሰላይ አታድርገው። ኳስና ብስኩት ይዘህ ለመካስ አትሩጥ። እናቱም ብትሆን «አባትህ ደህና ሰው ነው፣ ምንም አልተፈጠረም» ማለት የለባትም። ልጁ የሰማውን ያውቃል። ምንም አልተፈጠረም ሲባል ጆሮውን ማመን ያቆማል።

ሽንቱን በተመለከተ የቤት ዘዴው ቀላል ነው። ፍራሹን በፕላስቲክ አልብሱት፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፍራሽ ማጠብ ራሱን የቻለ ፀብ ነው። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይግባ። ሲረጥብ ዝም ተብሎ ይቀየር፣ ከፈለገ አንሶላውን ይዞ ያግዝ፣ እንደ ቅጣት ግን አይደለም። እና እባካችሁ ፍራሹን በረንዳው ብረት ላይ አታስጡት። ብሎኩ ሙሉ ያየዋል፣ ልጆቹ ደረጃ ላይ ጠብቀው ይዘፍኑበታል። ጸበሉን ተዉ አልልም፣ ልጁ እናቱ እጁን ይዛው ወጥቶ ሲመለስ የሚያገኘው ነገር ይኖራል። ግን ልጁ ላይ ርኩስ መንፈስ አለ የሚል ሰው ካለ አታስጠጉት፣ ጥፋቱ በእኔ ነው ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህ መርዝ ነው።

አስተማሪዋን እናቱ ታናግራት። ሁሉን መናገር አያስፈልግም፣ «ቤት ውስጥ ከባድ ጊዜ ላይ ነን፣ ከጀርባው መጥተሽ አትንኪው፣ ጮኸሽ አትጥሪው» ማለት ይበቃል። ቤቱ ከተረጋጋ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ሽንቱ፣ ድንጋጤው፣ መማታቱ ካልቀነሰ፣ ወይም ከዚያ በፊት መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ መብላት ካቆመ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጻፍለትና ጳውሎስ ወይም አማኑኤል ይሂድ። አማኑኤል የሚለው ስም አያስደንግጥህ፣ ሐኪም ቤት ነው። ሌላም አስቀድሜ ልንገርህ። አንተ ከወጣህ በኋላ ልጁ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊብስበት ይችላል። ያኮርፋል፣ ይሳደባል፣ እናቱን ይገፈትራል። «ያው፣ አባቱ ሲሄድ ባለገ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ተቃራኒው ነው፣ ዘብነቱን ሲያወርድ የቆየው ሁሉ ነው የሚወጣው። የከረመ ነገር በአንድ ሌሊት አይለቅም።

ልጆቹን ለማየት ስትሄድ ቀን ይሁን፣ ሦስተኛ ሰው ባለበት፣ እሷ በተስማማችበት ሰዓት። ስትወጣ ቁልፉን ለእሷ ስጣት። መለዋወጫ አስቀርጸህ ኪስህ ውስጥ እንዳታስቀር። ደረጃውን ስትወጣ ድምፅህን አሰማ፣ ልጁን በስሙ ጥራው፣ እኔ ነኝ በለው። ከዚያ አንኳኳና ቆመህ ጠብቅ። ካልከፈቱልህ ተመለስ፣ በሌላ ቀን ትመጣለህ።